የባትሪ ጤና የአንድ ጠዋት ቁጥር አይደለም፦ ከሰሜን ሸዋ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ሾፌሮችና ባለንብረቶች ግልጽ ደብዳቤ

ደብረ ብርሃን፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ የተሽከርካሪ ዓመታዊ ምርመራና የስምሪት ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልን።

እኛ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ወደ ሸኖና አዲስ አበባ ሰው የምናመላልስ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ሾፌሮችና ባለንብረቶች ነን። ቁጥራችን ገና ትንሽ ነው። ሁላችንም እንተዋወቃለን። አንዱ መንገድ ላይ ሲቆም ሌላው ተሳፋሪውን ያነሳለታል።

ለመጻፍ ያነሳሳን ባለፈው ወር መናኸሪያው በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ነው። «የባትሪ ጤንነቱ ከ80 ከመቶ በታች የሆነ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ስምሪት አይሰጠውም» ይላል። ሥሩ ላይ ፊርማና ማህተም አለ። በምን እንደሚለካ አይልም። ማን እንደሚለካ አይልም። በልኬቱ ያልተስማማ ሰው የት እንደሚሄድም አይልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አምስት መኪኖቻችን ከመስመር ወጥተው ቆይተዋል። ሦስቱ እስከ ዛሬ እንደቆሙ ናቸው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ባትሪ አይለካ አላልንም። ይለካ ብለን ስንወተውት የቆየነው እኛው ነን። ሰው ጭኖ ጣርማበር ዳገት ላይ ጉልበት የሚያጣ መኪና ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። መሪውን የያዝነው እኛ ነን። ቅሬታችን ስለ አለካኩ ነው። ባትሪ የሚያረጀው ቀስ በቀስ ነው። እርጅናው የሚታወቀውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እየለኩ፣ እየጻፉ፣ የዛሬውን ከአምናው እያስተያዩ ነው። አሁን ግን በአንድ ጠዋት ቁጥር የእንጀራ ገመዳችን እየተበጠሰ ነው።

ይህን ደብዳቤ የኤሌክትሪክ መኪና የሌለው ሰውም ያነበዋልና «የባትሪ ጤና» የሚለውን ቃል እናብራራ። ባትሪው አዲስ ሳለ 50 ኪሎዋት ሰዓት ይይዝ ነበር እንበል። ዛሬ ጢም ብሎ ሞልቶ 40 ብቻ ከያዘ ጤናው 80 ከመቶ ነው። ይህ ዳሽቦርዱ ላይ ከሚታየው ቻርጅ ጋር መምታታት የለበትም። ቻርጁ 100 ሊል ይችላል፤ ጤናው ግን 70 ሊሆን ይችላል። ጀሪካኑ ሞልቷል፤ ጀሪካኑ ራሱ ግን ጠቧል።

አሁን ወደ ቅሬታችን እንግባ። የመጀመሪያው እዚሁ ግቢ ውስጥ በዓይናችን ያየነው ነው።

ታኅሣሥ አጋማሽ ነበር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ጠዋት ለምታውቁ ብዙ መግለጽ አያስፈልግም። ሣሩ ላይ ውርጭ እንደ ዱቄት ተነስንሷል። የመኪናው የፊት መስታወት በረዶ ጋግሯል፤ ረዳቱ በሞባይል ካርድ እየፋቀ ያወርደዋል። መርማሪው መጣ። የክብሪት ሳጥን የምታክል ዕቃ መሪው ሥር ሰካ። ስልኩን አወጣ። ጥቂት ጠበቀ። «76» አለ። ግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ ታርጋውን፣ ቀኑንና 76 የሚለውን ቁጥር ጻፈ፤ ፈረመ፤ ማህተም አሳረፈ። ሁሉ ነገር አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ወረቀቱ ላይ የባትሪው መለያ ቁጥር የለም። መኪናው የሄደው ኪሎ ሜትር የለም። የዚያን ጠዋት ቅዝቃዜ የለም። ባትሪው በስንት ቻርጅ ላይ እንደተለካም የለም።

ባልደረባችን መኪናውን አቆመ። ዘጠኝ ቀን ያለ ሥራ ከቆመ በኋላ የሚያውቁት ሰዎች መከሩት። ባትሪውን እስከ 100 ሞላ። ከሞላም በኋላ ሶኬቱን ሳይነቅል ሌሊቱን አሳደረው። ከዚያ ባዶውን ወደ ሸዋ ሮቢት ነድቶ ወረደና ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ውስጥ በኮምፒውተር አስነበበ። 84 አለው።

በዘጠኝ ቀን ውስጥ ባትሪ ወጣት አይሆንም። የተለወጠው ባትሪው ሳይሆን ግምቱ ነው። ምክንያቱም ይታወቃል። የብዙዎቻችን መኪና ባትሪ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ ባትሪ ከሞላ ጎደል ባዶ እስኪሆን ድረስ ቮልቴጁ ብዙም አይወርድም። ስለዚህ ባትሪውን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ውስጡ ምን ያህል እንዳለ በቮልቴጅ ብቻ አይቶ ማወቅ ይቸግረዋል። የገባውንና የወጣውን እየቆጠረ ይገምታል። ቆጠራው ደግሞ ውሎ አድሮ ይስታል። የሚታረመው ባትሪው አልፎ አልፎ እስከ ጫፍ ሲሞላ ነው። ባልደረባችን ሰፈሩ ላይ መብራት በየሌሊቱ እየጠፋበት ሦስት ሳምንት ሙሉ ከ80 በላይ ሞልቶ አያውቅም ነበር። በዚህ ላይ ብርዱ አለ። የቀዘቀዘ ባትሪ ለጊዜው የሚሰጠው ጉልበት ይቀንሳል፤ ሲሞቅ ይመለሳል። ይህ እርጅና አይደለም።

መሣሪያውም ራሱ ጥያቄ አለበት። በስልክ የሚነበቡ ፕሮግራሞች ለሁሉም መኪና አልተሠሩም። አንዱን መኪና በሁለት ፕሮግራም አንብበን ሁለት የተለያየ ቁጥር አግኝተናል። ሚዛኑ ሳይፈተሽ እህል አይሰፈርም። የእኛ እንጀራ ግን ባልተፈተሸ ሚዛን እየተሰፈረ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን ከሁሉም የሚያንገበግበን ነው። ታሪክ የሚባል ነገር አይታይም።

ከመካከላችን አንድ አንጋፋ ሾፌር አሉ። ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። ከዚህ በፊት ለረጅም ዓመታት አይሱዙ ነድተዋል። ሚኒባሷን ከገዙበት ቀን ጀምሮ በተማሪ ደብተር ይመዘግባሉ። ደብተሩ ከመሪው በስተግራ ካለው ኪስ አይወጣም። ጠርዙ በጣት ወዝ ጠቁሯል። በየወሩ መጀመሪያ አንድ መስመር ይጽፋሉ። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ቻርጅ ሲጀምሩ ስንት ከመቶ እንደነበር፣ ሲጨርሱ ስንት እንደሆነ፣ ቆጣሪው ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደቆጠረ፣ አየሩ ብርድ ይሁን ሙቀት። ለምን እንደሚጽፉ ስንጠይቃቸው «ዘይትም ሲቀየር ይጻፍ ነበር» አሉን።

በዚያ ደብተር ምን ማስላት እንደሚቻል እናሳያችሁ። ባትሪው አዲስ ሳለ 50 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ጋሼ ከ10 ከመቶ እስከ 100 ሞሉ። ባትሪው አዲስ ቢሆን 45 ኪሎዋት ሰዓት ይገባው ነበር። ቆጣሪው 42 አነበበ። ከግድግዳ ሶኬት ሲሞላ አንድ አሥረኛ ገደማ ባትሪው ውስጥ ሳይገባ በሙቀት ይባክናል። ስለዚህ ባትሪው ውስጥ የገባው 38 ገደማ ነው። 38ን ለ45 ብናካፍል 84 ከመቶ ይመጣል። የላቦራቶሪ ልኬት አይደለም። ሁለትና ሦስት ነጥብ ሊስት ይችላል። ግን በየወሩ በአንድ ዓይነት መንገድ ስለሚለካ ስህተቱም በየወሩ ተመሳሳይ ነው። አካሄዱን ያሳያል። የምንፈልገው ደግሞ አካሄዱን ነው።

አካሄዱ ለምን እንደሚበልጥ ለማስረዳት ሁለት መኪኖቻችንን እንውሰድ። አንዱ ዛሬ 78 ላይ ነው። አምና በዚህ ወቅት 79 ነበር። ሌላው ዛሬ 85 ላይ ነው። ከስድስት ወር በፊት ግን 92 ነበር። በማስታወቂያው መሠረት 78ቱ ይቆማል፤ 85ቱ ይሠራል። ባትሪ የሚያውቅ ሰው ቢጠየቅ የሚሰጋው ለ85ቱ ነው። ባትሪ በመጀመሪያው ጊዜ ትንሽ ቶሎ ይወርዳል፤ ከዚያ ረጅም ጊዜ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ በመጨረሻ እንደ ገደል ሊወርድ ይችላል። አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ መኪናው ሜዳው ላይ ይሁን ገደሉ አፋፍ ላይ ማወቅ አይቻልም። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቁጥር በቀን በቀኑ ተጽፎ ሲገኝ ግን ልጅም ያየዋል።

ጋሼ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። መርማሪው ገልጦ አላየውም። «ይሄ ሕጋዊ ሰነድ አይደለም» ብሎ መለሰላቸው። እሺ፣ አይደለም እንበል። ታዲያ ሕጋዊው መዝገብ የታለ? በቦሎ ጊዜ ፍሬን ይታያል፤ መብራት ይታያል፤ ጎማ ይታያል። የባትሪውን የአምና ቁጥር ማንም መዝግቦ አልያዘልንም።

ሦስተኛው ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ ነው። መስፈርቱ ጤነኛውን እያቆመ አደገኛውን ያሳልፋል።

ከማስታወቂያው በኋላ አንድ ወንድማችን ተለክቶ 83 አገኘ። ወረቀቱን ተቀበለ፤ ደስ ብሎት ወጣ። በሳምንቱ ከሸዋ ሮቢት ሰው ሞልቶ ይመለሳል። ደብረ ሲናን አልፎ ዳገቱን ተያያዘው። ጉሙ ወርዷል፤ ከፊት ያለው መኪና የኋላ መብራት እንኳ አይለይም። ቻርጁ 27 ከመቶ ይላል። በቂ ነው። መታጠፊያው ላይ መኪናው በድንገት ጉልበት አጣ። ዳሽቦርዱ ላይ የኤሊ ምልክት በራ። ነዳጁን ቢረግጥም (አሁንም «ነዳጅ» ነው የምንለው) መኪናው እንደ እግረኛ ሆነ፤ ከዚያም ቆመ። ከኋላ የጭነት መኪኖች ይመጣሉ። ረዳቱ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ጣለ። ከዚያ የስልኩን መብራት እያውለበለበ ወደ ኋላ ሮጠ። ተሳፋሪው ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው በኩል ተጠግቶ ቆመ። አንዲት እናት ሕፃን አዝላ ነበር። ነጠላዋን ሕፃኑ ላይ ደርባ ከአርባ ደቂቃ በላይ ብርድ ላይ ቆማለች። ከእኛ አንዱ ደርሶ አነሳቸው። ማንም አልተጎዳም።

ጋራዥ ውስጥ ባትሪው ሲከፈት ምክንያቱ ተገኘ። እነዚህ ባትሪዎች እያንዳንዳቸው 3.2 ቮልት የሚሰጡ መቶ ገደማ ሴሎች (ትናንሽ ባትሪዎች) ተደርድረው የሚሠሩ ናቸው። ከመቶው አንዷ ደክማለች። ሜዳ ላይ ሲሄድ አይታወቅም። ዳገት ላይ ብዙ ጉልበት ሲጠየቅ ግን የእሷ ቮልቴጅ ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደ ታች ይወርዳል። ኮምፒውተሩ እሷን ለማዳን ሲል መኪናውን በሙሉ ይቆልፈዋል። አንዱ በሬ ሲወድቅ ጥማዱ እንደሚቆመው ማለት ነው። 83 የሚለው ቁጥር ለመላው ባትሪ የተሰጠ አንድ ግምት ስለሆነ ይህን አይናገርም። በሴሎቹ መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት ዳገት ላይ ቢታይ ወይም ጉልበት እየተጠየቀ ቢነበብ ግን ያንኑ ጠዋት በታወቀ ነበር።

የእኛን መንገድ ከሜዳ መንገድ ጋር አንድ አድርጋችሁ አትዩት። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የጣርማበር አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከነተሳፋሪው ሦስት ቶን የሚመዝን መኪና 1,700 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ብቻ ወደ 14 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህ ጎማው፣ ነፋሱና ሞተሩ የሚያባክኑት ሳይቆጠር ነው። ስንወርድ የተወሰነው ወደ ባትሪው ይመለሳል፤ ሁሉም ግን አይመለስም። ባትሪያችን በአንድ ቀን ውስጥ የደብረ ብርሃንን ውርጭም የሸዋ ሮቢትን ሐሩርም ያያል። ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ ሊጎዱት ይችላሉ። ሙቀቱ ውስጡን ቶሎ ይበላዋል። ከዜሮ በታች ሲቀዘቅዝ ቻርጅ ከተደረገ ደግሞ ሊቲየሙ ወደ ቦታው መግባት ትቶ ላዩ ላይ እንደ ብረት ይጋገራል፤ ያ ክፍል አይመለስም። ደህና መኪና ይህን ራሱ ይከላከላል፤ ባትሪው እስኪሞቅ ቻርጅ አይቀበልም ወይም ቀስ ብሎ ይቀበላል። በዚህ ሁሉ ላይ መረጃ ቢሰበሰብ የሚጠቅመው እኛን ብቻ አይደለም። ነገ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ዓለም ከተማ፣ ወደ አንኮበር በኤሌክትሪክ መኪና ሥራ ለመጀመር ያሰበ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ይኸው ነው።

አራተኛ፣ መኪናው ወደ እጃችን ሲገባ ማንም የባትሪውን ዕድሜ አልነገረንም።

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ሲነገር ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዞረ። እኛም አዞርን። አላማረርንም። ከእኛ መካከል አንዲት የመንዝ እናት አሉ። መሬትና በግ ሸጠው፣ ከዘመድ ተበድረው፣ የባንክ ብድር ጨምረው ለልጃቸው ሥራ ብለው ያገለገለ ሚኒባስ ገዙ። ደላላው ዳሽቦርዱን ከፍቶ «ባትሪው 98 ነው፣ እትዬ፤ አዲስ በሉት» አላቸው። በስምንተኛው ወር ቁጥሩ 77 ገባ። መኪናው ሲፈተሽ የተወሰነው የባትሪ ክፍል ከሌላ መኪና የተገጠመ ሆኖ ተገኘ። ኮምፒውተሩ ደግሞ እንደ አዲስ እንዲቆጥር ተደርጓል። መኪናው የ2022 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ተብሎ ነው የተሸጠው፤ ባትሪው ጎን የተለጠፈው ምልክት ግን 2019 (እ.ኤ.አ.) ይላል። ያ ምልክት ሁልጊዜም እዚያው ነበር። ሊብሬው ሲወጣ አጎንብሶ ያየው አልነበረም፤ ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር እንጂ የባትሪ ቁጥር አይጻፍም። አሁን ቅጣቱ ያረፈው በእኚህ እናት ላይ ነው። ዕዳው ወር በወር ይከፈላል። መኪናው ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሷል።

80 ከመቶ የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ጠይቀን መልስ አላገኘንም። እኛ የምናውቀው በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንቦች መድረክ በ2014 ዓ.ም. የጸደቀ ቁጥር 22 የሚባል ዓለም አቀፍ ቴክኒካዊ ደንብ እንዳለ ነው። እዚያ ላይ 80 የሚል ቁጥር አለ። ብቻውን ግን አይደለም። ለተሳፋሪ መኪና እስከ 5 ዓመት ወይም 100,000 ኪሎ ሜትር ድረስ 80 ከመቶ፣ ከዚያ እስከ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ድረስ 70 ከመቶ ይላል። ቁጥሩ ከዕድሜና ከኪሎ ሜትር ጋር ታስሯል። ደግሞም የሚጠየቀው አምራቹ ነው፤ ሾፌሩ አይደለም። ከዚያም በፊት ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የጤና ቁጥር ራሱ እውነት መናገሩ ይፈተሻል። ይህ ደንብ እኛን አገር ያስገድዳል እያልን አይደለም። ቁጥሩን ከወሰዳችሁ ግን ከነዕድሜው፣ ከነኪሎ ሜትሩና ከነፍተሻው ውሰዱት ነው የምንለው።

ሌሎችም ወደዚያው እየሄዱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 2019 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የራሱ ዲጂታል ፓስፖርት እንዲኖረው ደንግጓል። መቼና የት እንደተሠራ፣ ከምን እንደተሠራ በባትሪው ስም ይመዘገባል። ብዙዎቹ መኪኖቻችን የመጡባት ቻይናም ከየካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በዓመታዊ ምርመራ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ሙቀትና የኤሌክትሪክ ደኅንነት የሚፈተሽበት መመዘኛ ሥራ ላይ አውላለች። ለእኛ ይህን ያህል ውድ ነገር አያስፈልገንም። አንድ ገጽ መዝገብ፣ አንድ ዓይነት አለካክ፣ አንድ የሠለጠነ ሰው ይበቃናል።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህ ነው።

በመጀመሪያ በአንድ ልኬት ብቻ የቆሙት መኪኖች በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንደገና ይለኩ። ሲለኩ ባትሪው ሙሉ ተሞልቶ፣ ብርዱ ከለቀቀ በኋላ፣ ባለቤቱ ባለበት ይሁን። እስከዚያ ድረስ በከተማ ውስጥና እስከ ጫጫ ባለው አጭር መስመር እንዲሠሩ ይፈቀድላቸው። ጤናው 75 የሆነ ባትሪ ጣርማበርን ለመውጣት ላይመች ይችላል። ከጠባሴ መናኸሪያ ሰው ለማድረስ ግን ይበቃል። ስምሪት ሲሰጥ መኪናው ከመስመሩ ጋር ይመዛዘን፤ አንድ ቁጥር ለሜዳውም ለዳገቱም አይሁን።

ለእያንዳንዱ መኪና የባትሪ መዝገብ ይከፈት። በታርጋው ሳይሆን በባትሪው መለያ ቁጥር ይከፈት፤ ታርጋ ይቀየራል፣ ባትሪም ከመኪና መኪና ይዞራል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱን በታኅሣሥ፣ አንዱን በግንቦት እንለካ። ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የአየሩ ሙቀት፣ በስንት ቻርጅ እንደተለካ፣ በየትኛው መሣሪያ እንደተለካ አብሮ ይጻፍ። ግልባጩ ለባለቤቱ ይሰጥ። መኪና ሲሸጥ መዝገቡ አብሮ ይሂድ። ያገለገለ መኪና የሚያስመጣ ነጋዴም ባትሪው የተሠራበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ሳያቀርብ ሊብሬ አይውጣ። የመንዟ እናት የደረሰባቸው ነገር ሌላ ሰው ላይ መድረስ የለበትም።

ከመቶኛው ጋር የሴሎቹ ልዩነትና የኤሌክትሪክ መከላከያው (ኤሌክትሪኩ ወደ መኪናው አካል እንዳያልፍ የሚያግደው) ሁኔታ ይፈተሽ። ሁሉንም መለካት ካልተቻለ መቶኛውን ተዉትና የሴሎቹን ልዩነት ለኩልን። ጉም ውስጥ መኪናውን ያቆመው እሱ ነው። ውሳኔም ከአንድ ቁጥር ሳይሆን ቢያንስ ከሦስት ተከታታይ ልኬት ይነሳ፤ በስድስት ወር ውስጥ ብዙ የወረደ መኪና ቁጥሩ 90 ቢሆንም ይጠራ፣ ይመርመር።

የጋሼን ደብተር ዓይነት መዝገብ ያላቸው ሰባት ሰዎች አሉን። ደብተሮቹን ሰብስበን ኮፒ አድርገናል። ለመነሻ ይሆናችኋል። ስትጠሩን ይዘናቸው እንመጣለን። ቀኑን እናንተ ወስኑ፤ ከተቻለ ግን ከረቡዕ ውጭ ይሁን። ረቡዕ አብዛኞቻችን መንገድ ላይ ነን።

መልሳችሁን በጽሑፍ፣ ማስታወቂያው በተለጠፈበት በዚያው የመናኸሪያ በር ላይ እንድትለጥፉልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የደብረ ብርሃን – ሸዋ ሮቢት – አጣዬ እና የደብረ ብርሃን – አዲስ አበባ መስመር የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ሾፌሮችና ባለንብረቶች ተወካይ